ኦሲሎስኮፕን በራሱ ካሊብሬተር የማስተካከል አሠራር

ባለፈው ታኅሣሥ አንድ ደንበኛ ከቃሊቲ የኢንቨርተር ብየዳ ማሽን ጭኖ ቱሉ ዲምቱ ወዳለችው የጥገና ቤቴ መጣ። ማሽኑ ሲበይዱበት እሳቱ እየተቆራረጠ አስቸግሮታል። አብሮኝ የሚሠራው ወጣት ክዳኑን ፈትቶ ኦሲሎስኮፑን፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ምልክትን ቅርጽ በስክሪን የሚስለውን መለኪያ፣ አቀረበና የኃይል ትራንዚስተሩ ጌት (መቆጣጠሪያ እግሩ) ላይ ለካ። ከታች እስከ ላይ 15 ቮልት ሊሆን የሚገባው ምት 12 ቮልት ሆኖ ታየ። «ጋሼ፣ ድራይቨሩ ደክሟል» አለኝና ጌቱን የሚነዳውን ያንን ክፍል ቀየረው። አሁንም 12። ሌላ አዲስ ገጠመ። አሁንም 12። ሦስተኛውን ሊያመጣ ወደ መደርደሪያው ሲሄድ ፕሮቡን (የመለኪያውን ዘንግ ከነገመዱ) አነሣሁና በኦሲሎስኮፑ ፊት ላይ ባለችው ትንሽ የብረት ጆሮ ላይ ሰካሁት። ጥርት ያለ አራት ማዕዘን መሆን የሚገባው ሞገድ ትከሻው እንደ ድፎ ዳቦ ተድቦልቡሎ ወጣ። ድራይቨሮቹ ምንም አልሆኑም፤ የዋሸን መለኪያችን ነበር።

ያቺ የብረት ጆሮ ካሊብሬተር ትባላለች። በአሮጌም ሆነ በአዲስ ኦሲሎስኮፕ ላይ እምብዛም አትጠፋም። የምትሰጠው ምልክት ብዙውን ጊዜ 1 ኪሎ ኸርዝ ያህል የሆነ አራት ማዕዘን ሞገድ ነው። ከፍታው ከመሣሪያ መሣሪያ ይለያያል፦ ቴክትሮኒክስ ቲዲኤስ 210 ላይ ወደ 5 ቮልት፣ ሪጎል ዲኤስ 1054 ዜድ ላይ ወደ 3 ቮልት ነው። የሃሜግ አሮጌ ሞዴሎች ደግሞ 0.2 ቮልትና 2 ቮልት የሚሰጡ ሁለት መውጫዎች አሏቸው። የእናንተ ስንት እንደሆነ ከጎኑ ተጽፏል፤ ካልተጻፈ የመሣሪያው መመሪያ ላይ ይገኛል። ብዙ ባለሙያ መሣሪያውን ሲገዛ አንድ ጊዜ ይነካትና ከዚያ በኋላ ይረሳታል። ከምን አለሽ ተራ ወይም ከሰው እጅ የተገዛ አሮጌ ኦሲሎስኮፕ ያላችሁ ግን ከዚህች ጆሮ ጋር በየሳምንቱ ብትገናኙ ይጠቅማችኋል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው እኔ የምከተለው ቅደም ተከተል ነው። ቅደም ተከተሉን አታዛቡ። የኋለኛው ደረጃ በፊተኛው ላይ የቆመ ስለሆነ፣ ከመሃል የጀመረ ሰው ሁለት ጊዜ ይሠራል።

ደረጃ 1፦ ቦታውንና የመሬት መስመሩን

ኦሲሎስኮፑ ሁልጊዜ በሚቀመጥበት ጠረጴዛ ላይና ሁልጊዜ በሚዞርበት አቅጣጫ ይሁን። ምክንያቱን ደረጃ 4 ላይ ታገኙታላችሁ።

ቀጥሎ ሶኬቱን ተመልከቱ። በከተማው ዳር በምንኖር ሰዎች ቤት ሦስት ቀዳዳ ያለው ሶኬት አለ ማለት የመሬት መስመር አለ ማለት አይደለም። እኔ ራሴ ይህንን ቤት ስከራይ ሦስተኛው ቀዳዳ ከየትም ጋር አልተገናኘም ነበር፤ የመዳብ ዘንግ አስቀብሬ ነው ያስተካከልኩት። የኦሲሎስኮፑ የብረት አካልና የፕሮቡ ጥቁር መቆንጠጫ እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው። የመሬት መስመር ከሌለ፣ ያንን መቆንጠጫ 220 ቮልት ያለበት ነገር ላይ ባሰራችሁ ቅጽበት የመሣሪያው አካል በሙሉ 220 ቮልት ይሆናል። የመሬት መስመር ካለ ደግሞ ብልጭ ብሎ ይቃጠላል። ስለዚህ የሚጠገነውን ዕቃ በመለያ ትራንስፎርመር በኩል አብሩት እንጂ የኦሲሎስኮፑን ሦስተኛ እግር አትቁረጡ። የተቆረጠ ስፒና ያለው ኦሲሎስኮፕ ከገዛችሁ ከሁሉ በፊት ስፒናውን ቀይሩ።

ማራገቢያውንም በብሩሽ ጥረጉ። ብዙ መሣሪያዎች ከባሕር ወለል በላይ እስከ 2,000 ሜትር ድረስ ታስበው የሚሠሩ ናቸው፤ እኛ ደግሞ ከዚያ በላይ ነን። አየሩ ሲሳሳ ሙቀት የመውሰድ አቅሙም ስለሚቀንስ፣ አቧራ የዘጋው ማራገቢያ እዚህ ከሌላው ቦታ ይልቅ ቶሎ ያቃጥላል።

ደረጃ 2፦ አሙቁት

30 ደቂቃ። ቡና አፍልታችሁ ሁለተኛውን እስክትጠጡ ድረስ በሉት። ቀዝቃዛ መሣሪያ ላይ የተደረገ ማስተካከያ መሣሪያው ሲሞቅ ይንሸራተታል። የእኔ ቤት ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ጠረጴዛው አጠገብ የሰቀልኩት ቴርሞሜትር 12 ዲግሪ ሲያሳይ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ 27 ይደርሳል። ጠዋት የተስተካከለ መስመር ከሰዓት በኋላ ከቦታው ቢሸሽ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። እኔ የማስተካክለው ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ነው፤ ለቀኑ መካከለኛ የሆነ ሙቀት የማገኘው ያን ጊዜ ስለሆነ።

ደረጃ 3፦ የተዘነጉ ማዞሪያዎች

ይህንን ደረጃ የተማርኩት ግማሽ ቀን ከፍዬበት ነው። የመጀመሪያዬ የሆነውን አናሎግ (ባለ ስክሪን ቱቦ) ኦሲሎስኮፕ እንደገዛሁ ካሊብሬተሩ ላይ ሰካሁት። በስክሪኑ ላይ ከተሰመሩት ካሬዎች 4 ካሬ መሙላት የነበረበት ሞገድ 3 ካሬ ተኩል ሞላ። ክዳኑን ከፈትኩ፤ በውስጡ ያገኘሁትን የሚዞር ብሎን ሁሉ እያዞርኩ ስፈትን ዋልኩ። ቀን 10 ሰዓት ላይ ጎረቤቴ የነበሩ አንድ የቴሌቪዥን ጠጋኝ አዛውንት ገብተው አንገታቸውን አዘንብለው አዩና፣ በቮልት መምረጫው አናት ላይ ያለችውን ትንሽ ማዞሪያ «ቀጭ» እስክትል ወደ ቀኝ አዞሯት። ሞገዱ ብድግ ብሎ 5 ካሬ ሆነ። እኔ በስህተት ስላሳደግኩት ከሚገባው በላይ አልፎ ሄደ ማለት ነው። ያንን ወደ ቦታው ለመመለስ ሌላ ሳምንት ፈጀብኝ።

ስለዚህ ማንኛውንም ብሎን ከማሰባችሁ በፊት እነዚህን እዩ። በቮልት መምረጫውና በጊዜ መምረጫው ላይ ያሉት ትንንሽ ማዞሪያዎች «ቀጭ» ብለው በካሊብሬሽን ቦታቸው ተቀምጠዋል? አግድም ማስፊያው ተጎትቶ አልወጣም? ቻናሉ በዲሲ ላይ ነው? ፕሮቡ ላይ ያለችው ተንሸራታች ×10 ላይ (ምልክቱን ለአሥር የምታካፍልበት) ናት ወይስ ×1 ላይ (እንዳለ የምታሳልፍበት)? ዲጂታል ከሆነ ደግሞ በሜኑው ውስጥ ያለው የፕሮብ እጥፍ ከፕሮቡ ጋር ይስማማል? ብዙ ጊዜ «አሥር እጥፍ አበዛ» ወይም «አሥር እጥፍ አሳነሰ» የሚባለው መሣሪያ ሕመሙ እዚህ ላይ ነው።

አሮጌ ከሆነ መምረጫዎቹን ሁሉ ከዳር እስከ ዳር ሃያ ጊዜ ያህል አዙሯቸው። ለዓመታት ያልተነካ የመዳብ ንክኪ ዝገት ይይዛል፤ ማዞሩ ብቻ ይጠርገዋል። ሲዞር ሞገዱ የሚዘል ከሆነ የንክኪ ማጽጃ ፈሳሽ ያስፈልገዋል፤ ያ ሳይደረግ ልኬት ማስተካከል ትርፉ ድካም ነው።

ደረጃ 4፦ መስመሩን አስተኙት

ይህ ለአናሎግ ብቻ ነው። ቻናሉን ግራውንድ ላይ አድርጉና አግድም የተኛውን የብርሃን መስመር ከመካከለኛው የካሬ መስመር ጋር አነጻጽሩ። ካዘነበለ በፊት ለፊቱ ላይ ለዚሁ የተተወች ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ ቀጭን ካቻቢቴ አስገብታችሁ አቅኑት።

ለምን ያዘነብላል? በቱቦው ውስጥ የሚሮጠው የኤሌክትሮን ጨረር የምድርን ማግኔት ስለሚሰማ ነው። የማግኔት ወገብ የሚባለው መስመር ኢትዮጵያን አቋርጦ ያልፋል፤ በዚህም ምክንያት እኛ ዘንድ የምድር ማግኔት ወደ መሬት ሳይሰምጥ አግድም ወደ ሰሜን ተኝቶ ነው የሚሄደው። ኦሲሎስኮፑ ፊቱን ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ሲያደርግ ማግኔቱ በቱቦው ርዝመት ይሄዳል፤ ወደ ምሥራቅ ሲዞር ይሻገረዋል። መስመሩም ከዚያ ጋር ይዞራል። በደረጃ 1 አቅጣጫውን አትቀያይሩ ያልኩት ለዚህ ነው። ጠረጴዛውን ከመስኮቱ ወደ በሩ ካዞራችሁት መስመሩን እንደገና አስተኙ፤ ትልቅ ድምፅ ማጉያ ከአጠገቡ ካለም አርቁት።

ከዚያ ቮልት መምረጫውን ከ5 ሚሊ ቮልት ጀምሮ ወደ ላይ አንድ አንድ እያላችሁ ቀይሩ። መስመሩ በየለውጡ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚዘል ከሆነ የዲሲ ሚዛን የምትባለዋን ብሎን በጥቂቱ እያዞራችሁ ዝላዩን አጥፉ። አንዳንዱ ሞዴል ላይ ከውጭ ትገኛለች፤ አንዳንዱ ላይ ክዳን ማንሳት ይጠይቃል።

ደረጃ 5፦ ፕሮቡን ማስተካከል

የሥራው ልብ ይህ ነው። ሌላውን ሁሉ ብትዘሉ እንኳ ይህንን አትዝለሉ።

በ×10 ፕሮብ ጫፍ ውስጥ 9 ሚሊዮን ኦም ሬዚስተር አለ። የኦሲሎስኮፑ መግቢያ ደግሞ 1 ሚሊዮን ኦም ነው። ሁለቱ ቮልቱን ለአሥር ይካፈሉታል፤ ለዲሲና ለዝግተኛ ምልክት ጉዳዩ እዚያ ላይ ያበቃል። ፈጣን ምልክት ሲመጣ ግን ሬዚስተር ብቻውን አይወስንም። መግቢያው ከ15 እስከ 25 ፒኮ ፋራድ ካፓሲታንስ (ቻርጅ የማጠራቀም ባሕርይ) አለው፤ የፕሮቡ ገመድ ደግሞ በዚያ ላይ ወደ 90 ፒኮ ፋራድ ይጨምራል። ይህ ሁሉ ፈጣኑን ምልክት ወደ መሬት ያፈስሰዋል። ለማካካስ ከ9 ሚሊዮኑ ሬዚስተር ጎን ወደ 12 ፒኮ ፋራድ የሆነች ካፓሲተር ትቀመጣለች። በላይኛው ያለው ሬዚስተር በካፓሲተሩ ሲባዛ ከታችኛው ሬዚስተርና ካፓሲተር ብዜት ጋር እኩል ከሆነ ክፍፍሉ ለዝግተኛውም ለፈጣኑም አንድ ለአሥር ይሆናል። የአንዱ ኦሲሎስኮፕ መግቢያ ከሌላው ስለሚለያይ ነው ይህቺ ካፓሲተር የምትዞር ሆና የተሠራችው።

ብዜቱን ብታሰሉት ወደ 110 ማይክሮ ሰከንድ ይመጣል። የ1 ኪሎ ኸርዝ ሞገድ ግማሽ ዙር 500 ማይክሮ ሰከንድ ነው። ስለዚህ ስህተቱ በሞገዱ የመጀመሪያ አንድ አምስተኛ ላይ ጎልቶ ታይቶ ከዚያ ለመርጋት ጊዜ ያገኛል። ካሊብሬተሩ 1 ኪሎ ኸርዝ መሆኑ ለዚህ ሥራ በጣም የሚመች ነው። የልጁ 12 ቮልትም ምሥጢሩ እዚህ ነው፦ የብየዳ ማሽኑ በአሥር ሺዎች ኸርዝ ስለሚሠራ ሞገዱ ለመርጋት ጊዜ አላገኘም፤ ትከሻው ክብ ሆኖ ሳይሆን ሙሉ ቁመቱ አጥሮ ታየ። በዓይን የሚያጠራጥር ቅርጽ ስላልነበረው ነው ልጁ ያመነው።

አሠራሩ ይህ ነው። ፕሮቡን ×10 ላይ አድርጉ። ጫፉን በካሊብሬተሩ ላይ፣ ጥቁሩን መቆንጠጫ ደግሞ ከአጠገቡ ባለው የመሬት ጆሮ ላይ አያይዙ። ጊዜ መምረጫውን በካሬ 0.2 ሚሊ ሰከንድ አድርጉት፤ ሁለት ሙሉ ዙር ስክሪኑን ይሞላል። ቁመቱን ከ4 እስከ 6 ካሬ አድርጉ። ለምሳሌ 2 ቮልት በሚሰጠው ላይ በ×10 ፕሮብ 50 ሚሊ ቮልት ብትመርጡ 4 ካሬ ይሆናል። ሜኑው ×10 ላይ በሆነ ዲጂታል ደግሞ 3 ቮልቱን በካሬ 500 ሚሊ ቮልት አድርጋችሁ 6 ካሬ ታገኛላችሁ።

አሁን ከፕሮቡ አንገት ወይም ከመሰኪያው በኩል ያለችውን ትሪመር፣ ማለትም የምትዞረዋን ማስተካከያ፣ በጣም በዝግታ አዙሩ። ሞገዱ ቀንድ ካወጣ፣ ማለትም ግራ ጫፉ ላይ ሾጥጦ ወደ ላይ ከወጣ በኋላ ዝቅ ካለ፣ ማካካሻው በዝቷል። ትከሻው ወድቆ ቀስ እያለ ከወጣ አንሷል። የምትፈልጉት በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል ጠፍጣፋ አናት ነው። እንዳገኛችሁ እጃችሁን ሙሉ በሙሉ አንሡና እንደገና እዩ፤ የእጅ መቅረብ ራሱ ካፓሲታንስ ይጨምራል።

ካቻቢቴው የብረት አይሁን፤ ብረት ሲነካ አንድ ዓይነት፣ ሲነሣ ሌላ ዓይነት ሞገድ ያሳያችኋል። ከፕሮቡ ጋር የመጣው የፕላስቲክ ካቻቢቴ ከጠፋ (ሁልጊዜ ይጠፋል) በደንብ የደረቀ መፋቂያ ጫፉን በምላጭ ጠርባችሁ አሹሉ። የእኔ ከሁለት ዓመት በላይ አገልግሎኛል፤ ደንበኞች አይተው ይስቃሉ።

×1 ላይ ያለ ፕሮብ ትሪመሩ ምንም አያደርግም፤ ፈጣን ምልክትም አያሳልፍም። በዚያ ላይ ሆናችሁ እያዞራችሁ ሞገዱ አልለወጥ ካላችሁ ተንሸራታቿን ተመልከቱ።

ሁለቱን ፕሮቦች ለየቻናላቸው አስተካክሉና አንዱ አንገት ላይ ቢጫ፣ ሌላው ላይ ሰማያዊ ቴፕ ጠቅልሉ። የአንዱን ቻናል ፕሮብ ወደ ሌላው ካዛወራችሁ ማስተካከያው ከቦታው ሊነቃነቅ ይችላል። የእኛም ጥፋት ይኸው ነበር፤ ልጁ ከጓደኛው የተዋሰውን ፕሮብ እንዳመጣው ነው የሰካው።

ደረጃ 6፦ ቁመቱን መመርመር

ፕሮቡ ከተስተካከለ በኋላ ሞገዱ የሚገባውን ካሬ ይሞላል? የአናሎግ ኦሲሎስኮፕ የተለመደ የስህተት ወሰን ወደ 3 በመቶ ነው። ከ4 ካሬ 3 በመቶ 0.12 ካሬ ይሆናል። እያንዳንዱ ካሬ በመካከለኛው መስመር ላይ በአምስት ትንንሽ ሰረዞች ስለተከፈለ አንዷ ሰረዝ 0.2 ካሬ ናት። እንግዲህ ከአንዲት ሰረዝ ግማሽ ትንሽ አለፍ ያለ ልዩነት ካያችሁ አርፋችሁ ተቀመጡ፤ መሣሪያው በወሰኑ ውስጥ ነው። በዚህ ምክንያት ክዳን የሚከፍት ሰው ከሚያድነው የሚያበላሸው ይበልጣል።

ልዩነቱ ከዚያ በላይ ከሆነ በካሊብሬተሩ ላይ ብቻ ተመሥርታችሁ አትፍረዱ። ካሊብሬተሩም የዚያው ቤት ልጅ ነው። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባል የለ? ከውጭ ምስክር አምጡ። በርካሽ የሚገኝ ኤዲ 584 የተባለ የቮልት ማመሳከሪያ ቺፕ ያለበት ሰሌዳ 2.5፣ 5፣ 7.5 እና 10 ቮልት ይሰጣል። በዲሲ ላይ 10 ቮልቱን በካሬ 2 ቮልት አድርጋችሁ መስመሩ ከዜሮ 5 ካሬ ከፍ ማለቱን እዩ። ሰሌዳው ከሌላችሁ አዲስ 9 ቮልት ባትሪ በታመነ ዲጂታል መልቲሜትር ለክታችሁ ያንኑ በኦሲሎስኮፑ ማየት ይበቃል።

የካሊብሬተሩን አራት ማዕዘን ሞገድ በተራ መልቲሜትር ኤሲ ላይ ለክቶ «ይኸው ልዩነት አገኘሁ» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ርካሽ መልቲሜትር ኤሲን የሚያሰላው ምልክቱ ሳይን (ለስላሳ ክብ) ሞገድ ነው ብሎ ስለሆነ በአራት ማዕዘን ሞገድ ላይ 11 በመቶ ያበዛል።

የውጭው ምስክርም ካሊብሬተሩም በአንድ ድምፅ ስህተት ነው ካሉ ብቻ ክዳኑ ይከፈታል። ተጠንቀቁ፤ ባለ ቱቦ ኦሲሎስኮፕ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት አለ፤ ከጠፋም በኋላ ይቆያል። ቀለበትና ሰዓት አውልቁ፤ አንድ እጃችሁን ኪስ ውስጥ አድርጉ። መጀመሪያ የምትለኩት የቁመቱን ትሪመር አይደለም፤ የውስጥ የኃይል አቅርቦቱን ቮልቶች ነው። ከእነርሱ አንዱ ካነሰ ሁሉም ነገር አብሮ ይዛባል። ያን ጊዜ ችግሩ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ባረጀ ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ላይ ነው። ቮልቶቹ ደህና ከሆኑ በሰርቪስ መመሪያው የተጠቀሰውን ትሪመር ብቻ ንኩ። ከመንካታችሁ በፊት የቆመበትን ቦታ በቀጭን ማርከር ምልክት አድርጉ ወይም በስልካችሁ ፎቶ አንሡት።

ደረጃ 7፦ ጊዜውን በሌላ ምስክር

እዚህ ላይ ካሊብሬተሩ አይረዳችሁም። በአሮጌዎቹ ላይ «1 ኪሎ ኸርዝ» የሚለው ጽሑፍ «ያህል» የሚል ቃል የተዋጠበት ነው፤ ምልክቱን የሚያመነጨው ተራ ሬዚስተርና ካፓሲተር ስለሆነ ከእውነተኛው ሊርቅ ይችላል። በአዲሶቹ ዲጂታሎች ላይ ደግሞ ካሊብሬተሩም የጊዜ መለኪያውም ከአንድ ክሪስታል የሚቀዱ ከሆነ ክሪስታሉ ቢሳሳት ሁለቱ አብረው ይሳሳታሉ፤ በስክሪኑ ላይ ግን ፍጹም ሆኖ ይታያል።

የቤታችን 50 ኸርዝ መብራትም ምስክር አይሆንም፤ እንደ ጭነቱ ከፍ ዝቅ ይላል። የሚበቃችሁ አራት እግር ያለው 1 ሜጋ ኸርዝ ክሪስታል ኦሲሌተር ነው። ከአሮጌ የኮምፒውተር ካርዶች ላይ ብዙ ዓይነት ክሪስታል ኦሲሌተር ይነቀላል። በተለምዶ ከ10,000 አንድ ያህል ነው የሚሳሳተው፤ የአናሎግ ኦሲሎስኮፕ ጊዜ ደግሞ ከ100 ሦስት ይሳሳታል። ስለዚህ ምስክሩ ከተመስካሪው 300 ጊዜ ያህል ይታመናል። በካሬ 1 ማይክሮ ሰከንድ ስትመርጡ በየካሬው አንድ ዙር ይገባል። የስክሪኑን የመጀመሪያና የመጨረሻ ካሬ ተዉና በመካከሉ ያሉት 8 ካሬዎች ከሞገዱ ጋር መግጠማቸውን እዩ። በ8 ካሬ 3 በመቶ 0.24 ካሬ፣ ማለትም ከአንድ ሰረዝ ትንሽ የሚበልጥ ነው።

ከዚያ የበለጠ ለሚፈልግ፣ ኒዮ 6 ኤም የተባለው የጂፒኤስ ሞጁል በየሰከንዱ አንድ ምት ይሰጣል፤ በኮምፒውተር ሲታዘዝ እስከ 1 ኪሎ ኸርዝ ድረስ ይሄዳል። ምቱ የሚቀዳው ከሳተላይቶቹ የአቶም ሰዓት ነው። ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሳተላይት አያገኝም፤ እኔ አንቴናውን በመስኮት አውጥቼ የአበባ ማሰሮ ላይ ነው የማስቀምጠው።

ዲጂታል ከሆነ

በሜኑው ውስጥ ራስን ማስተካከያ የሚል ትእዛዝ አለ። መሣሪያው በውስጡ ያለውን የታወቀ ቮልት ወደ ራሱ መግቢያ ወረዳ እየላከ የዜሮ መንሸራተቱንና ማጉያውን ይለካል፤ እርማቱንም በማኅደረ ትውስታው ይጽፋል። ፕሮብ ሁሉ ከተነቀለና 30 ደቂቃ ከሞቀ በኋላ ብቻ አስጀምሩት። ፕሮብ ከተተወ አየር ላይ ያለውን ጩኸት እንደ ዜሮ ይቆጥረዋል። የሥራ ቦታችሁ ሙቀት ከ5 ዲግሪ በላይ ከተለወጠ ድገሙት፤ በቆርቆሮ ቤት ይህ ማለት በወቅቶች መለዋወጥ ብቻ ሳይሆን አንዳንዴ በአንድ ቀን ውስጥም ነው።

ሥራው ብዙ ደቂቃ ስለሚወስድ በመሃሉ መብራት ቢጠፋ እርማቱ በግማሽ ይቀራል። በዩፒኤስ ላይ ሰክታችሁ አስጀምሩት። ዩፒኤስ ከሌላችሁ፣ መብራት መጥቶ የተረጋጋበትን ሰዓት ጠብቁ፤ የሰፈራችሁን ሰዓት ታውቁታላችሁ። ተቋርጦ ከሆነም አትደንግጡ፤ እንደገና አሙቁና ከመጀመሪያው አስጀምሩት።

ይህ ማስተካከያ ፕሮቡን አያይም። ብዙዎች «ራሱን አስተካክሏል» ብለው ደረጃ 5ን ይዘላሉ፤ ትከሻው የወደቀ ፕሮብ ግን ራሱን ባስተካከለ መሣሪያም ላይ ትከሻው የወደቀ ነው።

ስለ መርፌው ቴስተር አንድ ቃል

መርፌ ያለው ቴስተርም የራሱ የሆነ የውስጥ ማስተካከያ አለው። ሁለቱን ዘንጎች ሳታነካኩ መርፌው በግራ በኩል ዜሮ ላይ ካልተኛ በመርፌው ሥር ያለችውን የፕላስቲክ ብሎን አዙሩ። ከዚያ ኦም ላይ አድርጋችሁ ዘንጎቹን አነካኩና በዜሮ ኦም ማዞሪያው መርፌውን ወደ ቀኙ ዜሮ አምጡት። የኦም መጠን በለወጣችሁ ቁጥር ይህን ድገሙ። ማዞሪያው መጨረሻው ደርሶ መርፌው ዜሮ ካልደረሰ ውስጥ ያሉት 1.5 ቮልት ባትሪዎች አልቀዋል። በከፍተኛው የኦም መጠን ላይ ብቻ ዜሮ አልደርስ ካለ ደግሞ 9 ቮልቱ ነው ያለቀው።

ከዲጂታል መልቲሜትሮቻችሁ ደግሞ የተሻለውን አንዱን ለይታችሁ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡ፤ ለዕለት ሥራ አታውጡት። ሌሎቹ ሲጣሉ የሚፈርደው እርሱ ነው። አቅም የፈቀደለት ሰው ይህንን አንዱን ወደ አገራችን የሥነ ልክ ኢንስቲትዩት ወስዶ ቢያስመረምር ሌሎቹን በሙሉ ከእርሱ ጋር እያስተያየ መኖር ይችላል።

ምልክት መለጠፍ

ሲያልቅ አንዲት ወረቀት ጽፋችሁ በመሣሪያው ጎን ለጥፉ፦ ቀን፣ የክፍሉ ሙቀት፣ የተነካው ነገር፣ ያልተነካው ነገር። የእኔ ላይ ያለው እንዲህ ይላል፦ «ታኅሣሥ 18፤ 22 ዲግሪ፤ ፕሮብ ቢጫና ሰማያዊ ተስተካክሏል፤ መስመር ተኝቷል፤ ቁመት 4 ካሬ ከግማሽ ሰረዝ፣ አልተነካም፤ ጊዜ በ1 ሜጋ ኸርዝ ታይቷል፣ አልተነካም።» ከስድስት ወር በኋላ ቁመቱ 4 ካሬ ከአንድ ሰረዝ ተኩል ሆኖ ብታገኙት አንድ ነገር እያረጀ መሆኑን የምታውቁት ከዚህች ወረቀት ነው።

የቃሊቲው ማሽን ጉዳይ ፕሮቡ ከተስተካከለ በኋላ ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ጌቱ 15 ቮልት ሙሉ ሆኖ ታየ፤ እሳቱን የሚያቆራርጠው የብየዳ ገመዱ የሚታሰርበት ብሎን ነበር፤ ላልቶ በሙቀት ጠቁሯል። ጠርገን አጥብቀን መለስነው። በከንቱ የተነቀሉትን ሁለት ድራይቨሮች ልጁ በትንሽ ፌስታል ጠቅልሎ «ጤነኛ» ብሎ ጻፈባቸውና መሳቢያው ውስጥ አስቀመጣቸው።